«ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ሰውየውም ትክክል ነው» ላሉት ጓድ ሥራ አስኪያጅ

ለ«ንጋት» የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር
ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ለጓድ ወልደ ገብርኤል እሸቴ
ቡሬ

ክቡር ጓድ ሆይ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? በሰኔ የጀመረዎት ጉንፋን ለቀቀዎት? እመቤቲቱስ ደኅና ናቸው? ልጆችዎስ ሁሉም በየአልጋቸው እያደሩ ነው? ይህን የምጠይቅዎት ለወግ አይደለም። ልጅ በአልጋው ማደሩ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ በዚህ ክረምት ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው ሰው በቡሬ ከተማ ያለ ስለማይመስለኝ፣ እግዚአብሔር ያንን ጸጋ ከቤትዎ እንዳያርቅ ከልቤ ልመኝልዎት ብዬ ነው።

እኔ መንበሩ ክንዱ ነኝ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ፣ በልጅነቴም ጥቂት ቅኔ የቆጠርኩ ሰው ነኝ። የሰውን ብሶት በሰው ስም ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል፤ በራሴ ስም በአደባባይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ የእጅ ጽሕፈቴ እዚህም እዚያም ቢንቀጠቀጥ የብዕሩ ጥፋት መሆኑን ይወቁልኝ። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ በአደባባይ ያደረግሁትም ደፍሬ አይደለም። በታሸገ ፖስታ ደጋግሜ ጽፌልዎት ነበር፤ አንዱንም አልከፈቱልኝም። ምስጢር ሁሉ ክፍት በሆነበት መሥሪያ ቤት የእኔ ፖስታ ብቻ እንደታሸገ መቅረቱ ክብር ሆኖ ተሰምቶኛል። በየስብሰባው «ሂስና ግለ ሂስ» እየተባለ ሲነገር ሰምቻለሁና ሂሱ እነሆ፤ ግለ ሂሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

ልጄ ደረሰ መንበሩ የማኅበርዎ አባል ነበር። «ነበር» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤው ሁሉ የተጻፈው በእሷ ምክንያት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ፣ ከከተማው ዳር ባለችው ማሳችን በርበሬ የሚያለማ ወጣት ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ እኩዮቹ ጫካ ገቡ፤ እሱ ግን «በእኔ ምክንያት እናቴንና አባቴን ማንም አያንገላታቸውም» ብሎ በእግሩ ሄዶ ተመዘገበ። በማኅበርዎ ያስቀመጠውን ገንዘብ ልክ እዚህ አልጽፍም። ሌባው ይብላው፣ ይጠጣው፤ በገንዘቡ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ክርክር የለኝም። ክርክሬ በልጁ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ከእርስዎ በፊት በነበረው ዘመን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፍ፣ የሚያውቁት ሁለት ሰዎችም «አዎ፣ እሱ ነው» ብለው ይመሰክሩለት ነበር። እርስዎ ከአዲስ አበባ ሥልጠና ሲመለሱ ይህን ኋላ ቀር አሠራር ብለው ሻሩትና ለእያንዳንዳችን አራት አኃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር እንዲኖረን አደረጉ። የሰውን ፊት አይቶ ከማመን ቁጥር ሰምቶ ማመን የሠለጠነ መሆኑን እኛ ባላገሮቹ አለማወቃችን አይፈረድብንም። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «ይህ ቁጥር ከመቃብር ይልቅ ዝም ያለ ይሁን» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሁለተኛ፦ ለዚህ እንደ መቃብር ዝም ላለ ነገር የመረጡለትን ቦታ ሳላመሰግን አላልፍም። ጽሕፈት ቤትዎ ከእህል ወፍጮው ጋር በአንድ ግድግዳ ተያይዟል። ሞተሩ ሲነሣ ገንዘብ ያዥዋ እንኳን ቁጥር ነጎድጓድም ስለማይሰማት፣ ባለ ገንዘቡ ምስጢሩን በመስኮቱ በኩል ይጮኻል፤ ካልተሰማ ደግሞ ጥበቃው ሙጬ፣ እግዚአብሔር ድምፁን ይባርክለትና፣ ተቀብሎ ይደግምለታል። በገበያ ቀን ከወረፋው የቆመ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ምስጢር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ባይሰማ እንኳ ለመገመት አይቸገርም፤ የእኛ ሰው ቁጥር ምረጥ ሲባል ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃላ። አንዱ ሥላሴንና ኪዳነ ምሕረትን፣ አንዱ ገብርኤልንና መድኃኔዓለምን እየገጠመ የወሩን በዓላት ነው ቁጥር ያደረጋቸው። ልጄም ለእናቱ እንዳይጠፋባት ብሎ ሚካኤልንና ማርያምን መርጦ አሥራ ሁለትና ሃያ አንድ አለ። ዛሬ በአደባባይ ስጽፈው ምስጢር እንዳወጣሁ አይቁጠሩብኝ፤ ቡሬ ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች።

ባለቤቴ ጌጥነሽ የአዊ ልጅ ናት። ልጇ ከመዝመቱ በፊት ቁጥሩን በጆሮዋ ሲነግራት ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም፤ «አደራ ነው» አለች። መጀመሪያ መስኮትዎ ላይ ስትቆምም ወረፋው እንዳይሰማት ብላ ቁጥሩን በአገውኛ ተናገረች። አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ምስጢር እንዲህ እንደሚጠበቅ በራሷ ዘዴ አስባ ነበር። ሙጬ ግን የዚያው አገር ሰው ነውና ለገንዘብ ያዥዋ በአማርኛ ተርጉሞ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ለሕዝቡ አሰማላት። ለትርጉሙ አለማስከፈላችሁን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፦ የዘማቾች የቁጠባ ደብተር በግንባር እንዳይጠፋ ማኅበሩ በአደራ እንዲያስቀምጥላቸው አዘዋል፤ መልካም። ደብተሮቹ ከመስኮቱ ሥር ባለ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ተቀመጡ። ዘማቹም ቁጥሩን እንዳይረሳ ታስቦ በእያንዳንዱ ደብተር የውስጥ ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈለት። ቁልፉን ከበሩ ላይ ሰክቶ፣ በሩ ላይም «ቁልፉ እዚህ አለ» ብሎ የሚጽፍ አሳቢ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ለአራተኛው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልችልም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እንደሆነው ብቻ ልንገርዎ።

በግንቦት ወር አንድ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው ወደ መስኮትዎ መጣ። ደረሰ መንበሩ ነኝ አለ፤ አሥራ ሁለት ሃያ አንድ አለ። ጎልማሳ ነው፤ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ደብተሩ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ዕድሜ ሃያ ሁለት ዓመት እንደሆነ ተጽፏል። ይህ ነገር ለእርስዎ ቀርቦልዎት እንደነበር አውቃለሁ። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ «ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ሰውየውም ትክክል ነው፤ ይከፈለው» አሉ። ይህን ማን እንደ ነገረኝ አልናገርም። ከመሥሪያ ቤቱ ይሁን ከወረፋው፣ ወንድ ይሁን ሴት አልናገርም፤ ምስጢር ሲጠበቅ ምን እንደሚመስል ለአንድ ጊዜ ቢያዩት ብዬ ነው።

በሰኔ ጌጥነሽ ለዘር የሚሆን ጥቂት ልታወጣ መጣች። ገንዘብ ያዥዋ ደብተሩን አይታ «እማማ፣ ልጅሽ ራሱ መጥቶ አውጥቶታል እኮ፤ ጥቂት ነው የቀረው» አለቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኽ ነበር። ጌጥነሽ ግን እልል አለች። ከመስኮትዎ ላይ፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ እልል አለች፤ ከጥር ወር ጀምሮ ከልጃችን ወሬ አልደረሰንም ነበራ። «ከስቷል? ጫማ አድርጓል? እጁ፣ እግሩ ሙሉ ነው?» ብላ ጠየቀች። ገንዘብ ያዥዋ አንገቷን ደፋች። ጌጥነሽ ያንን ለእሺታ ወስዳው እስከ ቤት ድረስ ስትሮጥ መጣች፤ ከደጃፍ ቆማም «መጥቶ ነበር! ደረሰ ቡሬ መጥቶ ነበር!» አለችኝ።

እኔ አላመንኩም። ልጄ እናቱን ሳያይ ከቡሬ እንደማይወጣ ስለማውቅ የሌባ ሥራ ነው ብዬ አቤቱታ ጻፍኩልዎ፤ ቢሮዎም ድረስ ገባሁ። ያን ዕለት ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ስማ፣ አንተ ሰውዬ፤ የእኛ ምስጢር አይወጣም። ቁጥሩን ከልጅህና ከሚስትህ በቀር የሚያውቀው የለም። ሚስትህ ካላወጣች ልጅህ ነው ያወጣ» አሉኝ። በዕድሜ አባትዎን የምሆን ሰው «አንተ» መባሌ በመካከላችን ያለውን ጓዳዊ ቅርበት ስላሳየኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የማኅበሩን ንጽሕና ለማረጋገጥም «ገንዘቡን ባለቤቱ በአካል ቀርቦ አውጥቷል» የሚል ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት፣ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ላኩ።

ክቡር ጓድ፣ ያ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር? በግንቦት ወር ግንባር ላይ መሆን የነበረበት ወታደር ቡሬ ታየ ማለት ከድቷል ማለት ነው። የከዳ ልጅ ወላጅ ደግሞ ልጁን እስኪያቀርብ ድረስ ይታሰራል። እኔ ለአውራጃው አቤት ልል ፍኖተ ሰላም በሄድኩበት ቀን ምልሻዎች መጡና ጌጥነሽን ወሰዷት። እስከ ዛሬ የቀበሌው እህል መጋዘን በነበረው ቤት ውስጥ ናት። በእሷ ፈንታ እኔን እሰሩኝ ብዬ ለመንኩ፤ «እናት ናት የምትደብቅ» ተባልኩ።

መጀመሪያ ስንቅ ይዤ ስሄድ እንዴት እንዳገኘኋት ልንገርዎ። ደስ ብሏታል! አብረዋት ላሉት ሴቶች ስለ ልጇ ስታወራ ደረስኩ። «ያለበትን ብነግራቸው ይለቁኛል አሉ። ባውቅስ እነግራቸው ይመስል!» ብላ ሳቀች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለግሽ ዓባይ ስለት ተስያለሁ፤ እኔ እስክወጣ አንቱ ያድርሱልኝ» አለችኝ። ይኸውልዎ፣ እርስዎ ለሚስቴ የማይበገር ልጅ ሰጧት። ጥይት አያገኘውም፣ ረሀብ አይነካውም፣ በፈለገ ቀን ቡሬ መጥቶ ገንዘብ አውጥቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ስጦታ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ታገኘው ነበር?

ሐምሌ ሲገባ ከመራዊ መልእክት ደረሰኝ። ሀይሉ የሚባል፣ ከልጄ ጋር በአንድ ጓድ የዘመተ ወጣት፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ የደረሰ አባት ይምጣልኝ ብሏል። በእህል መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። በእናቱ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እኔን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ እንደሌለ የረሳው መሰለኝ። ውኃ አስመጣልኝ፤ እስክጠጣ ጠበቀኝ። ከዚያ «አባባ፣ በመጋቢት ነው» አለኝ። «ጧት ነበር። ብዙም አልተሠቃየ። መሬቱ ዐለት ነው፤ አፈር አልነበረም። ድንጋይ ነው የከመርኩበት። አፈር ስላላለበስኩት ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አለኝና ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ደፋ። ልጄን የቀበረ ልጅ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ልጄን ያስነሣው መሥሪያ ቤት ግን አልጠየቀኝም።

የሕያዋኑን ወሬ እንኳ በትክክል የማያደርሰው ጦር የሞቱን ወረቀት ገና አልላከም፤ ግንባሩም ተፈቷልና መቼ እንደሚልክ አይታወቅም። ሀይሉም ከቃሉ በቀር ያመጣልኝ ነገር የለም። ይህን ቃል ይዤ መጀመሪያ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ። ፍትሐት ይፈታለት፣ የተዝካሩም ነገር ይታሰብ አልኩ። አርባው አልፏል፤ አርባው ሲያልፍ እኛ የት እንዳለ አናውቅም ነበር፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ በእርስዎ መስኮት ቆሞ ገንዘብ ያወጣ ነበር። የነፍስ አባታችን ጢማቸውን እየነኩ፣ «ልጄ፣ አንድ ቁስለኛ ሞቷል ይላል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደግሞ በሕይወት አለ ይላል። በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ብፈታ ኃጢአቱም በእኔ፣ ጥያቄውም በእኔ ነው» አሉ። ፈርተዋል፤ አልፈረድኩባቸውም። እነሆ የልጄ ነፍስ በሰማይ ፍትሐት የላት፣ ሥጋው በምድር አፈር የለው፣ ያለው ነገር ቢኖር በ«ንጋት» ማኅበር አራት አኃዝ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እርስዎ መጣሁ። ሀይሉ ያለኝን ነገርኩዎ። እርስዎም «የአንድ ቁስለኛ ወሬ ከመሥሪያ ቤት ማስረጃ አይበልጥም» ብለው ፋይልዎን ዘጉ። ልክ ነዎት። ሀይሉ የምስጢር ቁጥር አልነበረውማ፤ ያየው ዓይኑ፣ የቀበረው እጁ ብቻ ነው።

የቀረኝ ጌጥነሽ ናት። የመጀመሪያውን ጊዜ ልነግራት ሄጄ ስንቁን አስቀምጬ ተመለስኩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ግን ፊቴን ስታይ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወደ አጥሩ መጣች፤ አፌን ሳልከፍት «መራዊ ሄደው ነበር አሉ» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «አውቃለሁ እኮ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ያን ዕለት እልል ያልኩት አምኜ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ ደረሰ ቡሬ ድረስ መጥቶ በደጄ አልፎ እኔን ሳያይ ይሄዳል? ያን ማታ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ሊቀ መንበሩ አለ ይላል፤ ማኅበሩ አለ ይላል፤ ምልሻው አለ ብሎ አሠረኝ። ሰው ሁሉ አለ ሲለኝ እኔ እናቱ ሆኜ በምን አፌ የለም ልበል? እዚህ እስካለሁ ድረስ እሱም አለ ብዬ ነው።»

 ከዚያ «ያየው ሰው አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «አፈር ለብሷል?» አለችኝ።

ክቡር ጓድ፣ ለብሷል አልኳት። ለስላሳ አፈር ነው፣ ዛፍም አለበት አልኳት። ይህን ደብዳቤ ከሰሌዳው ላይ አንብባችሁ ለጌጥነሽ የምትነግሩ የቡሬ ሰዎች ሁሉ፣ ይህችን መስመርና ሀይሉ የተናገረባትን መስመር እንድትዘሉልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ። አንድ ሙሉ ከተማ አንድ ምስጢር እንዲጠብቅልኝ መጠየቄ ነው። ትጠብቁልኛላችሁ ብዬም አምናለሁ፤ ስብሰባ ተጠርቶ ስላልተጨበጨበለት።

ጌጥነሽ ከዚያ ላልቅስ ብላ ነጠላዋን አወረደች። ምልሻው መጣና «በሕይወት ላለ ሰው ምን ያስለቅስሻል? ሕዝብ ልታሸብሪ ነው?» ብሎ ከለከላት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነክሳ ቆመች። እንደዚያ ሆና ትቻት መጣሁ፤ ማታውኑ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ገንዘቡን መልሱ አላልኩም። ሌባውን ፈልጉ አላልኩም። ሥራዎን ይልቀቁም አላልኩም፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ምን ተምሮ እንደሚመጣ አይታወቅም። አንዲት መስመር ብቻ ጽፈው ማኅተምዎን ይምቱባት፦ «የማኅበራችን የምስጢር ቁጥር ሊወጣ ይችላል፤ በግንቦት ወር የመጣው ሰው ደረሰ መንበሩ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለንም።» ይህቺ መስመር ሚስቴን ከእስር ታስወጣታለች፤ ለልጄ ፍትሐት ታስፈታለታለች፤ አንዲት እናት አፏን ከፍታ እንድታለቅስ ትፈቅድላታለች። እርስዎን የምታስከፍለዎት ግን «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ዋጋዋ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ስለማውቅ ነው በጉልበቴ ተንበርክኬ የምጠይቅዎ። ጓድ ወልደ ገብርኤል፣ ከዚህ በታች ምጸት የለም። እባክዎ። እባክዎን ይጻፉልን።

የመንግሥት ደብዳቤ የሚያልቅበትን «አብዮታዊት እናት አገር ወይም...» የሚለውን መፈክር እኔም ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ሆኖም «ወይም» ከምትለው ቃል ወዲያ ያለውን ቤቴ አስቀድሞ ስለከፈለው፣ በዚህ ብቻ ልሰናበትዎ ተገደድኩ።

የማኅበርዎን የወፍጮ ድምፅ፣ የሳሙና ካርቶንና ቀይ ቀለም ዘወትር በአክብሮት የማስታውስ፣ በጤናዎ የምደሰት፣ በልጆችዎ ዕድሜ የምጸልይ፣ ታማኝ አባልዎ፣

መንበሩ ክንዱ
ማመልከቻ ጸሐፊ
ቡሬ፣ ሐምሌ ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ሊቀ መንበር
ለአውራጃው አስተዳደር፣ ፍኖተ ሰላም
በወረፋ ለሚቆሙ የማኅበሩ አባላት በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ገልብጬ ሳልለጥፍ አንድ ወረቀት ከመሥሪያ ቤትዎ መጣልኝ። ሙጬ ነው ያመጣው፤ ለአንድ ጊዜ ሳይጮኽ ሰጠኝ። «ለሟች ደረሰ መንበሩ ወራሾች፣ የሟችን ቀሪ ሂሳብ ለመዝጋት የሞት ማስረጃ ይዛችሁ እንድትቀርቡ» ይላል፤ ፊርማዎ አለበት፣ ማኅተሙም አለበት። ሞቱን የነገርኩዎ ዕለት እንደ ምስጢር ቁጥሩ ጠባቂ ሰምተው ባያምኑም፣ እንደ ሂሳብ ዘጊ ሰምተው አምነው ኖሯል። ወረቀቱን ለሊቀ መንበሩ ወሰድኩለት። «ሟች» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ማኅተሙን አየ፤ ጌጥነሽን ፈታት። ከመጋዘኑ በር ጀምራ እያለቀሰች በገበያው መካከል ሄደች፤ ሰውም ከኋላዋ ተከተላት፤ ዝም በይ ያላት የለም። የሞት ማስረጃ አምጡ ላሉት ግን ይቅርታዎን እንለምናለን፤ በአገሩ ላይ ልጃችን መሞቱን የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ወረቀት ይኸው የእርስዎ ብቻ ስለሆነ፣ የነፍስ አባታችን ለፍትሐቱ ወስደውታል፤ ልንመልስልዎ አንችልም።